ለእህቴ አራስ ቤት ማሞቂያ ፍለጋ

ይህን የምጽፈው ገና የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። ነገሩ የደረሰው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ሞጣ ከተማ፣ እህቴ የሺ በተከራየችው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ በቃል ስነግራቸው ሁልጊዜ ቸኩዬ እጨርሰዋለሁ። እዚህ ግን ጊዜያችሁን ከሰጣችሁኝ፣ ከመነሻው ጀምሬ ረጋ ብዬ ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ስሜ ውባለም ነው፤ ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ቢቸና ነው። ቤት ውስጥ "እሺ" የሚል ቅጽል ስም ነበረኝ። ማንም ምንም ቢያዘኝ "እሺ" ስለምል የሺ ያወጣችልኝ ነው። ለትልቅ ሰው መልስ መመለስ አልችልም ነበር። መምህር ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ ቢጽፍ እንኳ ደብተሬ ላይ አስተካክዬ ዝም እላለሁ እንጂ እጄን አላወጣም። ይህ ጠባዬ ደግሞ ሁልጊዜ ያስመሰግነኝ ስለነበር አንድ ቀን ሊጎዳ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሺ ሴት ልጅ መገላገሏን የሰማነው ለዕረፍት ቢቸና በገባሁ ማግስት ነው። እናቴ ጉልበቷን ታማ ስለነበር መንገዱን አልቻለችውም።

"አንቺ ትሄጂያለሽ" አለችኝ የአጥሚቱን ዱቄት በከረጢት እያሰረች። "አማቷ አብረዋት አሉ። እማ እንጉዳይ ደግ ሴት ናቸው፤ የሚሉሽን ስሚ። ክፍሏ ግን ብርድ ናት አሉ። ጠዋት ውርጭ ነው፤ ቀን ደግሞ ቆርቆሮው ይነድባታል። ጨቅላ ልጅ ይህን እንዴት ይችለዋል? ከደሴ ጋር ሁናችሁ አንድ ማሞቂያ ፈልጉላት። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ረከስ ያለ፣ ቦታ የማይዝ ነገር ምረጪ።"

"እሺ" አልኳት።

ደሴ የየሺ ባል ነው፤ ሞጣ አንድ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ከቢቸና በሚኒባስ ተነስቼ በጉንደ ወይን በኩል እናቴ የላከችውን የቅቤ ዕቃ ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሽታው ሲያውዳቸው "ለአራስ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው፣ "እንግዲያው መስኮቱን ልዝጋው፤ አራስ የሚነካውን እጅ ብርድ አይምታው" አሉና ዘጉት። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ ሞጣ ገባ። ማንም "ክፈቱት" አላለም።

የየሺ ክፍል በአቶ ታምሩ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ቤቶች የመጨረሻዋ ናት። ግድግዳዋ ጭቃ ነው፤ ከላይ ኮርኒስ የላትም፤ ቀና ሲሉ ቆርቆሮው ይታያል። አልጋው ግማሹን ይዞታል። በቀረው ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የልብስ ሻንጣና የተጠቀለለ ፍራሽ አለ። ወደ አልጋው ለመድረስ ጎን ለጎን መሄድ ያስፈልጋል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን በጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቋል። የመስኮቱ መዝጊያም በውስጥ በኩል በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ይህን ሁሉ የሠሩት እማ እንጉዳይ ናቸው፣ የደሴ እናት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ የሺን ሳምኳት። ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። እግሯን ልይ ብዬ ጣቷን ስነካት ቶሎ ሰበሰበችው።

"እግሯን መነካት አትወድም" አለች የሺ እየሳቀች። "እንደ አንቺ አይደለችም። እሺ አታውቅም።"

እማ እንጉዳይ ገና ከመቀመጤ የቤቱን ሕግ ነገሩኝ። በር ተከፍቶ አይተውም። የሚገባ ሰው ቶሎ ይገባል፤ የሚወጣም ቶሎ ይወጣል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

"ታናሽ እህቴን የቀበርኳት ገና በአራስነቷ ነው" አሉኝ። "ወልዳ ተነስታ ነበር፤ ደህና ነበረች። ብርድ ገባባትና አንቀጠቀጣት። እኔ ነበርኩ ያኔ አጠገቧ የተቀመጥኩት። እና ልጄ፣ በሩን ስትከፍቺ ይህን አስቢልኝ።"

"እሺ፣ እማ" አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ደሴ ከወፍጮ ቤት ቀደም ብሎ ወጣና ገበያው ዳር ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድን። ፀጉሩና ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሱ ነበር።

"ልጅ መውለድ እንዲህ ቶሎ ያሸብታል እንዴ?" አለው ባለሱቁ።

"ዱቄት ነው" አለ ደሴ።

"አይቼዋለሁ። እንኳን ማርያም ማረችልህ። ምን ልስጥህ?"

ደሴ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷ ናት የምትመርጠው። ተማሪ ናት።"

ባለሱቁ በመጀመሪያ ሽቦው ቀይ ሆኖ የሚግል ማሞቂያ አወጣ። ርካሽ ነው፤ ግን የሚያሞቀው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው አለን። ከአልጋ ልብስ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ጠየቅሁት።

"አንድ ክንድ ቢርቅ ጥሩ ነው።"

ክፍሉን በሐሳቤ ዞርኩት። ከአልጋው አንድ ክንድ የሚርቅ ባዶ ቦታ ያለው ከበሩ ውጭ ብቻ ነው። ይህንኑ ስነግረው ሳቀና ሌላ አወጣ፤ ሬዲዮ የምታህል፣ ከውስጥ የምትነፋ። ቁልፉ ወደ አንዱ ሲዞር ሙቅ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ነፋስ ብቻ ትሰጣለች።

"ጠዋት ማሞቂያ፣ ቀን ማቀዝቀዣ" አለ። "ለጠባብ ቤት ከዚህ የተሻለ የለም።"

"ታቀዘቅዛለች ወይስ ያለውን አየር ነው የምታዞረው?"

"ያለውን ነው የምታዞረው፤ ልዋሽሽ አልችልም። እውነተኛው ማቀዝቀዣ ከቤት ኪራያችሁ ይበልጣል፤ ለመትከል ደግሞ ግድግዳ መብሳት አለባችሁ። የጭቃ ግድግዳ ነው አይደል? ብትበሱት አቶ ታምሩ እናንተን ነው የሚያቀዘቅዟችሁ።"

ለሙከራ ይዘናት ሄድን። አከራዩ አቶ ታምሩ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ዕቃዋን ገልብጠው ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ።

"አትችሉም ልጆቼ። ለግቢው ሁሉ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። መስመሩም አሮጌ ነው።"

"ለሙከራ ብቻ ጋሼ፤ ለጥቂት ደቂቃ" አለ ደሴ።

እውነቱን ለመናገር ደስ ትል ነበር። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ወዲያው ሞቀ። የሺ ዓይኗን ጨፍና "በቃ፣ እዚህ ነው የምኖረው" አለች። እማ እንጉዳይ ግን ነጠላቸውን ልጅቷ ላይ ደረቡባት።

"ነፋስ እኮ ነው ይሄ" አሉ። "ከውጭ የሚገባውን ስደፍን ሰነበትኩ፤ እናንተ በገንዘባችሁ ነፋስ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ?"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መብራቱ ድርግም አለ። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የግቢው በሙሉ። ከሚቀጥለው ክፍል ኳስ የሚያይ ሰው "አሁን? ልክ አሁን?" ሲል ተሰማ። አቶ ታምሩ መጥተው ከደጅ ቆሙ፤ አራስ ቤት ነውና አልገቡም። "ደሴ ልጄ፣ መልሳት" አሉ ቀስ ብለው። በማግስቱ ጠዋት ለባለሱቁ መለስናት።

ያ ጠዋት ከሁሉም የከፋ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ሣር በውርጭ ነጭቷል። የልጅቷ እጆች ቀዝቅዘው የሺ በብብቷ ይዛ ታሞቃቸው ነበር። ደሴ ልጁን አየ፣ እናቱን አየ፣ እኔንም አየኝ። የመረጥኩት ተመልሷል።

"ከሰል ምን አለው?" አሉ እማ እንጉዳይ። "አንተን በምን ያሳደግሁህ ይመስልሃል?"

ደሴ ከሰል ገዝቶ አምጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። እማ እንጉዳይ ጥንቃቄ የማያውቁ ሴት አልነበሩም። ከሰሉ ደጅ ላይ እንዲቀጣጠል አደረጉ፤ ጭሱ እስኪያልቅና ፍሙ ቀልቶ አመድ እስኪለብስ አስጠበቁኝ። "ጭሱ ካለቀ ምንም አይልም፤ ጭሱ ነው ክፉው" አሉኝ። እኔም አራግቤ፣ ጠብቄ፣ ማንደጃውን አስገብቼ በአልጋውና በግድግዳው መካከል አስቀመጥኩ። በሩን ዘጋን፤ እማ እንጉዳይ ከበሩ ስር ያለውን ቀዳዳም በጨርቅ ደፈኑት።

ክፍሉ ሞቀ። የልጅቷ እጅ ሞቀ። ሁላችንም ደስ አለን። እማ እንጉዳይ ደሴ ሕፃን ሳለ እንዴት ያስቸግራቸው እንደነበር እያወሩ የሺን አሳቋት። ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ ቆርቆሮው ከላይ መጋል ጀመረ፤ ከታች ፍሙ አለ። ቢሆንም እሳቱን የሚያወጣ አልነበረም፤ ብርድ ካለፈ በኋላ ያለው ሙቀት ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

ራሴን ያመኝ ጀመር። ግንባሬ ላይ የሚወቅር ሕመም ነው። "ማልደሽ ተነስተሻል፤ እንቅልፍ ነው" አሉኝ እማ እንጉዳይ። እሳቸውም ግንባራቸውን በነጠላ ሸብ አድርገው ነበር፤ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል። የሺም ራሷን እንደሚያማት ተናግራለች፤ ወልዳለችና የማያማት የላትም። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ምክንያት ነበረን።

የልጅቷን ጨርቆች ላጥብ ወጣሁ። ቧንቧው አጠገብ ተቀምጬ ሳጥብ ሕመሙ ቀስ በቀስ ተወኝ። ገመድ ልፈልግ ተመልሼ ገባሁ፤ ጥቂት እንደቆየሁ ሕመሙ ተመለሰ። ስወጣ ደግሞ ተወኝ። ያኔም አልገባኝም።

በዚህ መካከል የአቶ ታምሩ ባለቤት እትዬ አበባ ገንፎ ይዘው አራሷን ሊጠይቁ ገቡ። ብዙ ሳይቆዩ ወጡና በእኔ በኩል ሲያልፉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው እያሹ "ምነው ራሴን ያዘኝ?" አሉ። "ስመጣ ደህና ነበርኩ። ፀሐይዋ ትሆን?"

ጨርቁን ውኃው ውስጥ ጣልኩት። እትዬ አበባ አልወለዱም፤ እንቅልፍ አላጡም፤ ማልደው አልተነሱም። ያደረጉት ነገር ቢኖር እዚያች ክፍል ውስጥ ጥቂት መቀመጥ ብቻ ነው።

ገባሁ። እማ እንጉዳይ በርጩማቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈዋል። የሺ ተኝታለች። ልጅቷ ጡቷ ላይ አፏን ከፍታ ተጋድማለች፤ ግን አትጠባም።

"የሺ፣ ልጅቷ ጠባች?"

ዓይኗን በግድ ገለጠች። "ማን?" አለችኝ።

"ልጅቷ።"

"እህ" አለችና ጨፈነች።

"ተያት ትተኛ" አሉ እማ እንጉዳይ። ንግግራቸው ዘገም ብሏል። "እስከ ዛሬ እንቅልፍ መች አገኘች? ሙቀት ስታገኝ ነው።"

"እማ፣ በሩን ትንሽ ልክፈተው?"

"ምን አልሽ?"

"በሩን። ለትንሽ ጊዜ።"

"ልጄ" አሉ፣ ከግድግዳው ቀና ብለው። "አልባታል፤ አታያትም? ላቧ ላይ ብርድ ከገባባት ማን ያወጣላታል? የነገርኩሽን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። እሺ" አልኩ።

እግሬም ታዘዘ፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለስኩ። ደግነታቸው ከፊቴ ቆሟል፤ የቀበሯት እህታቸውም አብራ ቆማለች። እኔ ደግሞ ምን ይዤ ነው የምከራከራቸው? የራስ ምታት? ብሳሳትና የሺ ብትታመም ጥፋቱ የማን ይሆናል? እናቴ "የሚሉሽን ስሚ" ብላኛለች። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰብኩ። ቆሜ ሳለሁ ጭንቅላቴ መወቀሩን ቀጠለ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ የልጅቷን እግር ነካሁት። አልሰበሰበችውም። ውስጥ እግሯን በጣቴ ጫር አደረግሁት። እጄ ላይ እንደ ጨርቅ ቀረ።

"እማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸውና ከበሩ ስር የተጠቀጠቀውን ጨርቅ በእግሬ ገፍቼ በሩን እስከ መጨረሻው በረገድኩት። ማንደጃውን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ደጅ ወረወርኩት፤ ፍሙ ግቢው ላይ ተበተነ።

"ዝጊው" አሉ። ድምፃቸውን ሰምቼው በማላውቅ ኃይል። "ልጆቼን ልትገድይብኝ ነው። ዝጊው ብዬሻለሁ።"

"አልዘጋውም።"

ይህን ቃል የተናገርኩት እኔ መሆኔን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። እማ እንጉዳይ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ራሳቸው ሊዘጉ ተነሱ። ተነስተው ቆሙ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቀስ ብለው፣ እንደሚሰግድ ሰው፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣው ከፊታቸው ጠፍቶ የቀረው ግራ መጋባት ብቻ ነበር።

"ምን ሆንኩ?" አሉኝ።

"ከሰሉ ነው፣ እማ። ሁላችንንም ከሰሉ ነው።"

ልጅቷን አንስቼ ወደ ፀሐይ ወጣሁ፤ እትዬ አበባን ጠራኋቸው። እሳቸው ልጅቷን ሲይዙልኝ ተመልሼ ገብቼ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገነጠልኩ። አቶ ታምሩም ያኔ አራስ ቤት መሆኑን ረስተው ገቡ፤ የሺን ከነፍራሿ ጎትተን አወጣናት። ደጁ ላይ አስመለሳት። እማ እንጉዳይን ኳስ ያይ የነበረው ጎረቤት ደግፎ አወጣቸው። ልጅቷ ግን በእትዬ አበባ እቅፍ ውስጥ እንደተጋደመች ናት። ትተነፍሳለች፤ አታለቅስም። ፊቷ ቀላ ብሎ ደህና ትመስላለች፤ የበለጠ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ባጃጅ መጣ። ተደራርበን ተሳፈርን፤ የሺ ትከሻዬ ላይ፣ ልጅቷ ጭኔ ላይ፣ እማ እንጉዳይ ከጎናችን። ባጃጁ ሲነሳ ነፋሱ ከጎን ገባ። እማ እንጉዳይ የነጠላቸውን ጫፍ አምጥተው የልጅቷን ፊት ሸፈኑ። አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ጥቂት ሄደን ራሳቸው ነጠላውን ከልጅቷ ፊት አነሱትና ጫፉን በጡጫቸው ጨብጠው ያዙት።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ሦስቱንም አንድ ጊዜ አየቻቸውና "ከሰል ነበር?" አለችኝ። "አዎ" ስላት ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል አስገባቻቸው። እኔንም መርምራ አጠገባቸው አስቀመጠችኝ።

የሺ ቶሎ ነቃች፤ የመጀመሪያ ቃሏ "ልጄስ?" ነበር። ልጅቷ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ነርሷ ትንሿን የኦክስጅን መሸፈኛ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ ጀርባዋ ብቻ ይታየናል። የሺ ከእኔ ፊት መልስ ትፈልጋለች፤ እኔ ከነርሷ ጀርባ እፈልጋለሁ።

ደሴ ዱቄት እንደለበሰ እየሮጠ ገባ። "ምን ሆኑ? ማን ነው—" አለና አቋረጠ።

ኦክስጅን የተገጠመላቸው እማ እንጉዳይ መሸፈኛውን ከአፋቸው ፈቀቅ አደረጉት።

"በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አሉት። "እሷ ናት የከፈተችው።"

"ማዘር፣ አያውልቁት" አለች ነርሷ ሳትዞር።

"ይኸው ለበስኩት" አሉና መለሱት።

ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች። መጀመሪያ እንደ ድመት ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎ ጮኸች። ነርሷ ዞር ብላ "አሁን ተናደደች፤ እንዲህ ነው የምንፈልጋት" አለችን። እግሯን ይዛ ስትጫነው ልጅቷ ሰበሰበችው፤ እኔ ግን ያን ያየሁት በእንባ መሐል ነው። ደሴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ እጁን ሲያነሳ ዱቄቱ ላይ ሁለት መስመር ወርዶ ነበር።

ለክትትል ሆስፒታል አደሩ። ዶክተሩ ሲያሰናብቱን ረጋ ብለው አስረዱን። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም የማይታይና የማይሸት መርዝ ይወጣዋል፤ ቤቱ በጠበበና በተደፈነ መጠን ቶሎ ይሞላል፤ ሕፃንን ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል። ሕፃን ለማሞቅ ከሁሉም የሚሻለው የእናቷ ገላ ነው አሉን፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ ከላይ መደረብ።

የብርዱ ነገር ግን አልቀረም። ወደዚያችው ክፍል ነው የምንመለሰው፤ ውርጩም ይጠብቀናል። ደጁ ላይ ስንደርስ እማ እንጉዳይ ቆሙ።

"እንግዲህ አንቺ ምረጪ" አሉኝ። "ብርዱንም የሚከለክል፣ እኛንም የማይገድል።"

ብቻዬን አልመረጥኩትም። ለደሴ የመጣለት ሐሳብ ኮርኒስ ነው። ከወፍጮ ቤት ያረጁ ከረጢቶች አመጣ፤ እማ እንጉዳይ እርስ በርስ ሰፏቸው፤ አቶ ታምሩ ሚስማርና መሰላል አዋሱን። ከቆርቆሮው በታች ወጥረን ስናበቃ ከላዩ ካርቶን ደረደርንበት። ከበሩ በላይ ያለውን ክፍተት ሳንደፍነው ተውነው። እማ እንጉዳይ ያን ክፍተት ቆመው ረጅም ጊዜ ሲያዩት ነበር፤ በመጨረሻ "ከአልጋው ይርቃል፤ ይሁን" አሉ። አልጋውን ከውጭው ግድግዳ ፈቀቅ አድርገን በመካከሉ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ውኃ ደጅ ላይ አሙቀን፣ እንዳያቃጥል ለብ ሲል በፕላስቲክ የውኃ ጠርሙሶች ሞላን፤ በካልሲ አልብሰን በየሺ እግር በኩል አስቀመጥን። ልጅቷ ደረቷ ላይ ናት።

ቀን ሲሆን ያልጠበቅነውን አየን። ጠዋት ሙቀቱን የያዘልን ኮርኒስ ቀን ደግሞ የቆርቆሮውን ግለት ከለከለልን። የቀረውን ሙቀት መስኮቱና በሩ በአንድነት ሲከፈቱ ነፋሱ ይዞት ይወጣል። በዚያ ሰዓት እማ እንጉዳይ አራሷን ከነፋሱ ጥግ አድርገው ይሸፍኗታል፤ በሩን ግን አይዘጉም። ባለሱቁ ያሳየን ዕቃ ቁልፉ እየዞረ የሚሠራውን፣ የከረጢቱ ኮርኒስ ያለ ቁልፍ ሠራልን፤ ቆጣሪም አልጣለም።

ውድ አንባቢዎች፣ እኔ የማሞቂያ ባለሙያ አይደለሁም። ጠባብ ክፍል ተከራይታችሁ ብርድ ካስቸገራችሁ ግን ከዚህ ካለፈብን ተነስቼ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት አየሩ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ቀና ብላችሁ እዩ። ከሰል የሚያሞቅ ቢሆንም ቦታው ደጅ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ደግሞ ምክንያት ለመፈለግ አትቀመጡ፤ መጀመሪያ ውጡ።

በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። አሁንም ለትልቅ ሰው እነሳለሁ፤ አሁንም ሲያዙኝ እሄዳለሁ። ሰው ማስደሰት እንደምወድ አልደብቃችሁም። ነገር ግን ያን ቀን ከአፌ በወጣው "እሺ" እና በሩን በከፈትኩበት እጄ መካከል የነበረችውን አጭር ጊዜ እያሰብኩ እደነግጣለሁ። የልጅቷን እግር ባልነካው ኖሮ ታዛዥ ሆኜ እዚያው እቆም ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ማክበርና ዝም ማለት ሁልጊዜ አንድ መንገድ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲለያዩ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ መምህራችን አንድ ስሌት ሲሳሳቱ እጄን አወጣሁ። እሳቸውም "አመሰግናለሁ" ብለው አርመውት ቀጠሉ። ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት የሺ ደውላልኝ ነበር። በግቢው ማዶ አንዲት ሴት ወልዳ እማ እንጉዳይ ሊጠይቁ ሄደው ነበር፤ የሺም አብራቸው። ደጁ ሲከፈት የከሰሉ ሙቀት ፊታቸውን መታቸው። እማ እንጉዳይ ገንፏቸውን እንደያዙ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙና "እሳቱ ይውጣና እገባለሁ" አሉ። የቤቱ እናት ቅር ብሏቸው "ብርድ ይገባባታል እኮ፣ እንጉዳይ፤ አንቺ ታውቂው የለም?" አሏቸው።

"አውቀዋለሁ" አሉ እማ እንጉዳይ። "ለዚህ ነው የመጣሁት።"

ማንደጃው ሲወጣ ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀው አራሷ ላይ ደረቡላት፤ በርጩማቸውን ወደ ተከፈተው በር ሳብ አደረጉና ብርዱ በሚገባበት በኩል ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።